ካይቱ ሲጎትት ሳይሆን ሲቆም እዩት፦ ስለ ባለ አራት ገመድ ካይት የጠየቃችሁኝ

ባለፈው እትም አንድ አንባቢ ባሕር ዳር ላይ ሰው እየጎተተ የሚሄድ ትልቅ የጨርቅ ካይት አይቶ «ይሄ ነገር ምንድን ነው?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ፓወር ካይት ይባላል፣ እንጨትም ብረትም የለውም፣ ንፋስ በአፉ ገብቶ ይነፋዋል፣ ሰው በእጁ ይዞ ይጎተትበታል ብዬ ባጭሩ መለስኩ። አጭሩ መልስ ግን አልበቃችሁም። ጥያቄው እየተከታተለ መጣ። አብዛኛው ደግሞ ስለ ዋጋ ነው፤ ብዙ ሳያወጡ መጀመር ይቻላል ወይ? ይቻላል። እኔም የጀመርኩት በትንሽ ገንዘብ ነው። ነገር ግን የቱ ላይ መቆጠብ እንደሚቻል፣ የቱ ላይ ደግሞ እንደማይቻል መለየት ያስፈልጋል። የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለዚሁ ሰጥቼዋለሁ።

«ሁለት ገመድ ይሻላል ወይስ አራት?»

«ሰላም ወንድሜ። የምኖረው አሽዶድ ነው፤ ባሕሩ ከቤቴ በእግር አስር ደቂቃ ነው። ለራሴም ለአስራ ሁለት ዓመት ልጄም የሚሆን ካይት ልገዛ ሱቅ ገባሁ። ባለ ሁለት ገመድ አለ፣ ባለ አራት ገመድ አለ። ባለ አራቱ በጣም ይወደዳል። ልዩነቱ ያን ያህል ገንዘብ ያወጣል? እኔ 78 ኪሎ ነኝ።» አባት፣ ከአሽዶድ

ያወጣል ወንድሜ። ባለ ሁለት ገመድ ካይት የሚያውቀው ግራና ቀኝ ብቻ ነው። ግራውን ስትስብ ወደ ግራ ይዞራል፣ ቀኙን ስትስብ ወደ ቀኝ። ፍሬን የለውም። ባለ አራቱ ላይ በየእጅህ አንድ አንድ እጀታ ትይዛለህ። ከእጀታው የላይኛው ጫፍ ወፍራሙ የጉልበት ገመድ ይነሳል፣ ከታችኛው ጫፍ ቀጭኑ የፍሬን ገመድ። ወፍራሙ የካይቱን ፊትና ሆድ ይይዛል፣ ቀጭኑ የኋላ ጠርዙን። የእጀታውን ታች ወደ ራስህ ስታዘነብል የካይቱ የኋላ ጠርዝ ወደ ታች ይታጠፍና ፍጥነቱ ይቀንሳል። አጥብቀህ ከሳብክ ደግሞ ወደ ኋላ እየሄደ መሬት ላይ ይቀመጣል። አንዱን ፍሬን ብቻ ብትስብ እዚያው ባለበት ይሽከረከራል። በአፍንጫው ቢወድቅ እንኳ ሃያ ምናምን ሜትር ተጉዘህ አታነሳውም፤ በሁለቱ ፍሬኖች ወደ ኋላ ታስነሳውና አየር ላይ ታዞረዋለህ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የእጅ አንጓ ማሰሪያው ነው። በሁለቱም እጅህ ላይ የምታጠልቀው ሰፊ ጨርቅ ነው፤ ከሱ የሚወጣው አጭር ገመድ ከፍሬኑ ጋር ይታሰራል። ጉልበቱ ሲበዛብህ እጀታዎቹን ዝም ብለህ ትለቃቸዋለህ። ጭነቱ በሙሉ ወደ ፍሬኑ ይሄዳል፣ ካይቱ አየሩን ይተፋና እንደ እርጥብ አንሶላ ይወድቃል። ከእጅህ ግን አያመልጥም።

የመጀመሪያ ካይቴን ያገለገለ ነው የገዛሁት፣ ማሰሪያው አልነበረበትም። ሻጩ «አያስፈልግም፣ ከከበደህ ልቀቀው» አለኝ፣ እኔም አመንኩ። ሦስተኛ ቀኔ ላይ ንፋሱ ድንገት ጠነከረ፣ ካይቱ ከፊቴ መሐል ላይ ሲያልፍ አነሳኝና በደረቴ አስተኛኝ፣ አሸዋው ላይ መጎተት ጀመርኩ። ልለቀው ነበር። ቀና ስል ካይቱ በሚሄድበት አቅጣጫ አንዲት እናት ከሁለት ልጆቿ ጋር ብርድ ልብስ ላይ ተቀምጣለች። ያ የተወጠረ ገመድ ተለቆ ሕፃን አንገት ላይ ቢጠመጠም ምን እንደሚያደርግ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አልለቀቅኩም። ክርኔና ጉልበቴ ተላጦ፣ አንዱን እጀታ ብቻ እየሳብኩ እስኪጠመዘዝና እስኪወድቅ ድረስ ተጎተትኩ። ማሰሪያ ቢኖር የአንድ ሰከንድ ጉዳይ ነበር። ስለዚህ ባለ አራት ገመድ ሆኖም ማሰሪያ የሌለው ካይት ካየህ፣ ወይ ማሰሪያውን ለብቻው ግዛ ወይ ካይቱን ተወው።

አራት ገመድ ደግሞ የትናንት ፈጠራ እንዳይመስልህ። ጆርጅ ፖኮክ የሚባል የብሪስቶል መምህር በ1826 እ.ኤ.አ. በካይት የሚጎተት ሠረገላ የባለቤትነት መብት አውጥቶበታል፤ ካይቶቹን የሚቆጣጠረው በአራት ገመድ ነበር። በዚያ ዘመን የመንገድ ቀረጥ የሚቆጠረው በፈረስ ብዛት ስለነበር ሠረገላው ያለ ቀረጥ ያልፍ ነበር ይባላል። ጨርቁ ራሱ አየር ተሞልቶ ክንፍ የሚሆንበትን መንገድ ያመጣው ደግሞ ዶሚና ጃልበርት ነው፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ። የዛሬ ሰማይ ዘላዮች ፓራሹትም ሆነ ያንተ ካይት የዚያ ሐሳብ ልጆች ናቸው።

ወደ መጠኑ ስንመጣ፣ ለ78 ኪሎ ሰው 3 ሜትር ካሬ በቂ ነው። ልምድ ከሌለህ 2.5ም አያሳፍርም። ሱቁ 5 ካሬውን «ዋጋው ያው ነው» ብሎ ሊያሳይህ ይችላል፤ እምቢ በል። የንፋስ ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ሲነፍስ የሚያዝናናህ ካይት፣ 30 ሲሆን ሌላ አውሬ ነው። ለመጀመሪያው ወር ከ12 እስከ 19 ኪሎ ሜትር ባለው ንፋስ ብቻ ብረር። ቅጠልና ትንንሽ ቅርንጫፍ ሳያቋርጥ የሚንቀሳቀስበት፣ ቀላል ባንዲራ የሚዘረጋበት ንፋስ ማለት ነው።

ለልጁ ከ1.5 ሜትር ካሬ የማይበልጥ ባለ ሁለት ገመድ ይሻለዋል። በሱ መሪነትን ይልመድ፣ ያንተን ደግሞ ቀለል ባለ ንፋስ አጠገቡ ቆመህ አስይዘው።

ስለ አሽዶድ አንድ ነገር ልጨምር። በበጋ ረፋዱ ላይ ከባሕር ወደ የብስ የሚነሳው ንፋስ የተረጋጋ ስለሆነ ለጀማሪ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ፊቱን ወደ ከተማው አዙሮ ነው የሚነፍሰው። ካይትህ የሚሄደው ወደ ሰዉ፣ ወደ መንገዱና ወደ መብራት ምሰሶው ነው ማለት ነው። ውሃው ጠርዝ ላይ ቁም፣ ከኋላው መቶ ሜትር ያህል ባዶ አሸዋ መኖሩን እይ፣ ከመዋኛው ክልልም ራቅ በል። ንፋሱ ከምሥራቅ ከሆነ ግን ወደ ባሕር ነው የሚገፋህ፤ ያን ቀን ልጅህን ይዘህ አትውጣ።

«በ70 ዩሮ ያገኘሁትን ልግዛው?»

«ባለ 3 ሜትር ካሬ ኤች ኪው ቢመር የሚባል ካይት ያገለገለ በ70 ዩሮ አገኘሁ። ሻጩ ሁለት ሦስቴ ብቻ ነው የተበረረበት ይላል። ነገ ላየው ልሄድ ነው። ምን ምኑን ልይ?» ከሃምቡርግ

ቢመር ጥሩ ምርጫ ነው። ኤች ኪው የጀርመን ካይት ነው፣ ቢመር ለጀማሪ የታሰበ ባለ አራት ገመድ ነው፣ ለዓመታት ስለተሸጠም ያገለገለ በየቦታው አለ። ፒኬዲ በስተርና ፒተር ሊን ሆርኔት የሚባሉትም በዚሁ ተርታ ናቸው፤ ከሦስቱ የትኛውንም በደህና ሁኔታ ካገኘህ ለመማር አያንስህም። ጥያቄው ስሙ ሳይሆን ያ አንድ ካይት ያሳለፈው ሕይወት ነው።

መጀመሪያ ጨርቁን ጨብጠው። ካይቱ የሚሠራበት ሪፕስቶፕ ናይለን፣ ማለትም ቀዳዳው እንዳይሰፋ ተደርጎ የተሸመነ ጨርቅ፣ አዲስ ሲሆን እንደ ቺፕስ ከረጢት ይንኮሻኮሻል። እንደ ቆየ መሐረብ ለስልሶ ድምፅ ከጠፋበት ብዙ ፀሐይ ወይም ብዙ አሸዋ አይቷል። ከዚያ አፍህን ጨርቁ ላይ ግጠምና አየር ለመሳብ ሞክር። ደህና ጨርቅ ምንም አያሳልፍም። አየር ወደ አፍህ ከገባ ካይቱ ያፈሳል፤ በቀላል ንፋስ ይልፈሰፈሳል፣ ለመነሳትም ይለግማል። ሻጩ ቢስቅብህም አድርገው፤ አምስት ሰከንድ ነው የሚፈጀው፣ ስለ ጨርቁም ከየትኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ይነግርሃል። ቀጥሎ ወደ መስኮት ዘርግተህ በብርሃን እየው፣ ቀዳዳ ካለ እንደ ኮከብ ያበራል። ትንሽ ቀዳዳ በሪፕስቶፕ ፕላስተር ስለሚጠገን አያስጨንቅህ።

ብዙ ሰው የማያየው ውስጡን ነው። የስልክህን ባትሪ አብራና በፊት ጠርዙ አፎች በኩል ወደ ውስጥ ተመልከት። ክንፉን ወደ ክፍሎች የሚከፍሉት ግድግዳዎች ናቸው ቅርፁን የሚጠብቁት። ካይት በሙሉ ጉልበቱ በአፍንጫው መሬት ሲመታ ውስጡ የታፈነው አየር መውጫ ያጣና ግድግዳውን ይቀደዋል። ከውጭ ምንም አይታይም። አየር ላይ ሲወጣ ግን አንዱ ቦታ እንደ ትራስ ያብጣል፣ ካይቱም ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። ይህን ማሰፋት ከካይቱ ዋጋ ሊበልጥ ስለሚችል እንዲህ ያለ ካይት በ70 ዩሮ አይገዛም።

ልጓሙን እንዲሁ። ከካይቱ ሆድ እንደ ሥር የሚወርዱት ቀጫጭን ገመዶች ናቸው። ካይቱን መሐል ለመሐል አጥፈህ የግራውንና የቀኙን ጫፍ አንድ ላይ ይዘህ ሳባቸው። ጥንድ ጥንዱ እኩል ሊወጠር ይገባል። አንዱ ላልቶ ሌላው ከጠበቀ ወይ ተጠላልፏል ወይ ተበጥሶ በግምት ተቋጥሯል። መጠላለፍ ይፈታል። በግምት የተቋጠረ ግን ቀጥ ብሎ አይበርም።

አሁን ገመዶቹ። ርካሽ ካይት የሚረክሰው እዚህ ላይ ነው፤ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። ስም ያለው ካይት ዳይኒማ ከሚባል፣ እጅግ ጠንካራና ብዙ ከማይለጠጥ ገመድ ጋር ነው የሚመጣው። ስም የለሹ ካይት ጨርቁ ደህና ሆኖ ሳለ እንደ ላስቲክ የሚሳብ ተራ ገመድ ይዞ ይመጣል፣ እጅህ ያዘዘው ካይቱ ጋ ዘግይቶ ይደርሳል። ያን ገመድ ብቻ በዳይኒማ ቀይረው ካይቱ ሌላ ሆኖ ያገኙት ሰዎች አሉ። የሚሸጥልህን ገመድ በሁለት ጣትህ መሐል ከዳር እስከ ዳር አሳልፈው። ፀጉር ካወጣ ተፋትጓል። መሐሉ ላይ ቋጠሮ ካለ እዚያ ቦታ ላይ ጥንካሬው ግማሽ ያህሉን አጥቷል። ዳይኒማ ከመጎተት ይልቅ ሙቀት ነው የሚጎዳው፤ 150 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይቀልጣል። አንድ ቦታ ላይ የቆመን ገመድ ሌላ ገመድ በፍጥነት ቢያልፍበት እንደ ቢላ ይቆርጠዋል። ባሕር ዳር ላይ ከሌላ ሰው ጋር ገመዳችሁ ከተጠላለፈ ሁለታችሁም ባላችሁበት ቁሙ፣ አትጎትቱ፤ ወደ እርስ በርሳችሁ እየሄዳችሁ አላሉት።

በመጨረሻ ሻጩን «ስታስቆመው አሳየኝ» በለው። አናትህ ላይ አድርሶ ያቁመው፣ በፍሬን መሬት ያስቀምጠው፣ በፍሬን መልሶ ያስነሳው፣ ከዚያ እጀታውን ይልቀቅ። አራቱን ካደረገ ካይቱ ጤነኛ ነው። ሲጎትት ብቻ አይተህ አትግዛ፤ የተቀደደም ካይት ይጎትታል። ጨርቁና ግድግዳው ደህና ሆኖ ገመዱ ብቻ ካለቀ፣ የአዲስ ገመድ ዋጋ አስቀንሰህ ውሰደው።

«ካይቴ ወደ ኋላ ይወድቃል»

«እንደምን አለህ ወንድም ዓለም። ለንደን ነው ያለሁት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ብላክሂዝ ሜዳ ላይ እበራለሁ። ካይቴ ባለ አራት ገመድ 2.5 ካሬ ነው፣ ባለፈው ዓመት አዲስ የገዛሁት። ድሮ እንደ ወፍ ነበር። አሁን ግን ቀስ ብሎ ይወጣል፣ መሐል መንገድ ላይ ይንገዳገድና በጀርባው ይመለሳል። የማውቀው ሰው "ክንፉ አልቋል፣ ሌላ ግዢ" አለኝ። እውነት ነው?» ከለንደን

እህቴ፣ ገንዘብሽን አታውጪ! ክንፉ አላለቀም። ገመድሽ ተለጥጧል፣ ያውም እኩል ሳይሆን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዋናውን ጭነት የሚሸከሙት ሁለቱ የጉልበት ገመዶች ናቸው፤ ፍሬኖቹ አብዛኛውን ጊዜ ላላ ብለው ነው የሚውሉት። ስለዚህ በጊዜ ብዛት ወፍራሞቹ ይረዝማሉ፣ ጫፋቸው ላይ ያለው ቋጠሮም እየጠበቀና እየተንሸራተተ የራሱን ይጨምራል። ፍሬኖቹ እንደነበሩ ይቀራሉ። የጉልበቱ ገመድ ሲረዝም ፍሬኑ አጠረ ማለት ነው። አንቺ ምንም ሳትነኪ ካይቱ ቀኑን ሙሉ ፍሬን ተይዞበት ነው የሚበረው። የእጅ ፍሬን ሳይለቀቅ ዳገት እንደሚወጣ መኪና አስቢው። በጠንካራ ንፋስ እንደምንም ይወጣል፣ በቀላል ንፋስ ወደ ኋላ ይወድቃል።

የምታደርጊው ይኸው። ካይቱን ፍቺና አስቀምጪው። አንድ ረጅም ካቻቢቴ ሜዳው ላይ ትከይና የአራቱንም ገመዶች የካይት ጫፍ በሱ ላይ አጥልቂ። በሌላው ጫፍ ሁለቱን የጉልበት ገመዶች ብቻ ይዘሽ በሙሉ ክብደትሽ ወደ ኋላ ተደገፊ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ። ከዚያ ጫፋቸውን ጎን ለጎን አድርገሽ እኩል መሆናቸውን እይ። ፍሬኖቹንም እንዲሁ። አሁን አራቱን አንድ ላይ ያዢና ልዩነቱን በሜትር ለኪ። የራሴን ካይት ባለፈው በጋ ስለካ የጉልበቶቹ ገመዶች ከፍሬኖቹ 9 ሴንቲ ሜትር ረዝመው አገኘኋቸው። 9 ሴንቲ ሜትር ከ25 ሜትር ገመድ ላይ ምንም ይመስላል። አየር ላይ ግን ካይቴን ሽማግሌ አድርጎት ነበር።

ማስተካከሉ ቀላል ነው። ከእጀታው ታችኛው ጫፍ የሚወጣው አጭር ማያያዣ ላይ ተከታታይ ቋጠሮዎች አሉ። ፍሬኑን ከእጀታው ራቅ ወዳለው ቋጠሮ አንድ ደረጃ አውጪው፣ ሁለቱንም እጅ እኩል። ብረሪና እዪ። አሁንም ከከበደው ሌላ ደረጃ ጨምሪ። ልኩን የምታውቂው በዓይንሽ ነው፤ ካይቱ ሲበር እጀታዎቹን በተፈጥሮ አያያዝሽ ስትይዣቸው የፍሬን ገመዶቹ ትንሽ ተንጠልጥለው እንደ ቀስት ይጎብጣሉ፣ የእጀታውን ታች ትንሽ ስታዘነብይ ወዲያው ይወጠራሉ። ከልክ በላይ ካላላሽው ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል፦ ይፈጥናል፣ አናትሽን አልፎ ይሄድና ይጨማደዳል፣ ፍሬን ስትይዢም አይቆምልሽም። ያን ጊዜ አንድ ቋጠሮ መልሺ።

ማያያዣው ላይ ቋጠሮ ከሌለ ራስሽ አንድ ክንድ ያህል ጠንካራ ገመድ በየ3 ሴንቲ ሜትሩ ቋጥረሽ መሥራት ትችያለሽ። ዋናውን ገመድ ራሱን ግን እንዳትቋጥሪው። ይህን ልኬት እኔ በዓመት ሁለቴ አደርገዋለሁ፣ ገመዱ አዲስ ከሆነ ግን ከመጀመሪያው ሦስትና አራት በረራ በኋላ፣ ምክንያቱም አዲስ ገመድ ብዙውን የሚረዝመው ያኔ ነው። እንግሊዝ አገር ካይት ያለ ፈቃድ ከ60 ሜትር በላይ አይወጣም፤ ያንቺ ገመድ ሃያ ምናምን ሜትር ስለሆነ በዚህ በኩል አትስጊ።

«አዲስ አበባ ላይ ንፋሱ ይበቃዋል?»

«ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ አዲስ አበባ። ልጅ ሆነን በፌስታልና በክር ካይት ሠርተን ጣራ ላይ እናበር ነበር። አሁን ጀርመን ያለው ወንድሜ ባለ አራት ገመድ 2 ካሬ ላከልኝ። ሁለቴ ሞከርኩት፣ ደካማ ነው። ከፍታው ነው ወይስ እኔ ነኝ? ደግሞስ የት ልብረር?» ከአዲስ አበባ

ልጄ፣ ከፍታው አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳር አየር አንድ አራተኛ ያህል ይሳሳል። ካይት የሚጎትተው በሚገፋው አየር ክብደት ነውና ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ወንድምህ ባሕር ዳር ላይ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ንፋስ የሚያገኘውን ጉተታ ለማግኘት አንተ 17 ገደማ ያስፈልግሃል። ያን ያህል ትልቅ ልዩነት አይደለም። ክብደትህን አልነገርከኝም፣ ግን ለሙሉ ሰው 2 ካሬ ራሱ ትንሽ ነው፤ ለመማር ግን ደግ ካይት ነው፣ ቶሎ አትቀይረው።

እኔ የምጠረጥረው ቦታህን ነው። ከተማ ውስጥ ንፋስ ተሰባብሮ ነው የሚደርስህ። ሕንፃም ሆነ የባሕር ዛፍ ረድፍ ንፋሱ ከሚመጣበት በኩል ካለ፣ የቁመቱን አስር እጥፍ ርቀት ያህል ከኋላው ያለውን አየር ያምሰዋል። የ20 ሜትር ዛፍ ካለ 200 ሜትር ራቅ። ካይቱ አንዴ ወጥሮ አንዴ ከላላብህ ከዛፉና ከሕንፃው የተነሳ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የመብራት ገመድ። ይህን በሙሉ ልቤ ነው የምነግርህ። በፌስታል ካይታችሁ ጊዜ ክሩ ሽቦ ላይ ሲያያዝ በጥሳችሁ ትሄዱ ነበር፤ ይህ ግን አይበጠስም፣ ሁለት እጅህም ላይ ታስሯል። የረጠበ ገመድ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ሽቦ በሚታይበት ሰፈር ካይቱን ከከረጢቱ እንኳ አታውጣው። ሽቦ ላይ ከተሰቀለ ደግሞ ማሰሪያውን ከእጅህ አውልቀህ ተውለት፣ መብራት ኃይል ይጠራ። በቦሌ በኩል በአውሮፕላን መንገድ ሥር አይሞከርም። በክረምት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ደመናው ሲጠቁር መብረቁ እስኪሰማ አትጠብቅ፣ ጠቅልለህ ግባ።

ከከተማ ውጣ። የሱሉልታ ሜዳ ሰፊ ነው፣ ሯጮቹ የሚለማመዱበት፤ ከፍታው ከአዲስ አበባ ይበልጣል እንጂ አያንስም፣ ግን ንፋሱ ሳይሰበር ስለሚመጣ ከከተማው የተሻለ ትበራለህ። እዚያም በከፍተኛ ኃይል መስመር ሥር እንዳትቆም መጀመሪያ ሜዳውን በእግርህ ዙረው። የመሬቱን ባለቤት አስፈቅድ። ፈረስና ከብት ካለ ርቀህ ዘርጋ፤ ያን ሲንኮሻኮሽ የሚነሳ ጨርቅ አይቶ የማይደነብር በሬ የለም፣ ገበሬው ላይ የምታመጣው ጣጣ ቀላል አይደለም። እረኞቹ መክበባቸው አይቀርም። ከኋላህ አስቁማቸው፣ አንድ በአንድም አስይዛቸው፤ ግን ከካይቱ በታች ማንም እንዳይቆም።

«ወደ ላይ እንዲያነሳኝ እፈልጋለሁ»

«ዱባይ ነው የምሠራው። ካይት ቢች ላይ ሰዎች አየር ላይ ሲንሳፈፉ አየሁ። እኔም 5 ካሬ ባለ አራት ገመድ ገዝቼ ልዘል አስቤያለሁ። እንዴት ልጀምር?» ከዱባይ

አትጀምር። እዚያ ያየሃቸው ውሃ ላይ ያሉ ናቸው፣ ካይታቸውም ሌላ ዓይነት ነው፤ በአንድ ዘንግ ጉልበቱን አየር ላይ እያሉ መቀነስ ይችላሉ፣ ትምህርትም ወስደዋል። ያንተ በእጀታ የሚያዘው ካይት ንፋሱ ሲመታው ያነሳሃል፣ ንፋሱ ሲተወው ይጥልሃል፤ ከሥር የሚጠብቅህ የጠነከረ አሸዋ ነው። ጀርባቸውንና ቁርጭምጭሚታቸውን ሰብረው የቀሩ አሉ። ጉልበት ከፈለግክ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ፈልገው። ፒተር ሊን የሚባለው የኒው ዚላንድ ሰው በ1990 እ.ኤ.አ. አካባቢ ያስፋፋው ባለ ሦስት ጎማ ትንሽ ጋሪ አለ፤ ተቀምጠህ በእግርህ ትመራዋለህ፣ ካይቱ ይጎትትሃል። በ3 ካሬ ራሱ ጠንክሮ በደረቀ አሸዋ ላይ ልብህ እስኪረካ ይሄዳል። ፈቃድ የሚያስፈልግበትን ቦታ መጀመሪያ ጠይቅ፣ የራስ ቁርም ግዛ።

«አሸዋና ጨው እንዴት ላጽዳ?»

«ከባሕር ስመለስ ካይቱ ውስጥ አንድ ኪሎ አሸዋ አለ። ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ብከተው ምን ይለኛል?» ከኔታንያ

ማሽን አይሆንም፣ ሳሙናም አይሆንም፤ የጨርቁን ቅብ ይገፈዋል፣ ልጓሙንም ጉድ ያደርገዋል። አሸዋውን በክንፉ ጫፎች በኩል አውጣው፤ ብዙዎቹ ካይቶች ጫፋቸው ላይ ለዚሁ የሚከፈት ትንሽ ቀዳዳ አላቸው። ጨዋማ ውሃ ከነካው ባልዲ ውስጥ በንጹሕ ውሃ አጥልቀህ አንሳና ጥላ ውስጥ ስቀለው። ፀሐይ ላይ አታድርቀው፤ ከበረራው ይልቅ ሜዳ ላይ ተዘርግቶ የሚውለው ሰዓት ነው ናይለኑን የሚያረጀው፣ ሻይ ልትጠጣ ስትቀመጥ እንኳ እጥፍ አድርገው። እርጥብ ሆኖ ከረጢት ውስጥ አይደር።

ገመዱን ደግሞ መጠቅለያው ላይ ዝም ብለህ እንደ ልብስ ስፌት ክር አትጠምጥመው፣ በየዙሩ ይጠመዘዝብሃል። በስምንት ቁጥር ቅርጽ፣ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ጎን እያዞርክ ጠቅልል። እጀታዎቹን መጨረሻ ላይ እሰራቸው፣ ማሰሪያዎቹንም አብረህ። በሚቀጥለው ሳምንት ስትፈታው አራቱም ገመዶች ሳይጠላለፉ ይወጡልሃል፣ ካይቱም አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አየር ላይ ነው።